በሩ ለብቻው ይዘጋል? ስለ መኖሪያ ቤት አጥርና ስለ መዋኛ ገንዳ መከለያ ደንቦች

እንደምን አመሻችሁ። ስለ አጥር ለመስማት ይህን ያህል ሰው ይመጣል ብዬ አልጠበቅኩም። ርዕሱ ደረቅ ነው፤ ደንብ፣ ሴንቲሜትር፣ መቀርቀሪያ። ግማሻችሁ ከጎረቤት ጋር በአጥር ተኳርፋችሁ እንደመጣችሁ እጠረጥራለሁ። ለእናንተም ጊዜ አለኝ። መጀመሪያ ግን ውሃ ያለበት ግቢ ይቅደም። የጎረቤት ኩርፊያ ትንሽ ቢቆይ ችግር የለውም።

ዛሬ የምለው ነገር በአጭሩ ይኸው። አጥር ሲሠራ ሁሉም ሰው ይጠነቀቃል። ፕላን ይቀርባል፣ ፈቃድ ይወጣል፣ ተቆጣጣሪ መጥቶ ይለካል፣ ይፈርማል። ከዚያ በኋላ ባለቤቱም ተቆጣጣሪውም ይረሱታል። አጥሩ ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ መለወጥ ይጀምራል። ምሰሶ ይሰምጣል፣ ማጠፊያ ይዝጋል፣ አፈር ይቆለላል፣ አትክልት ያድጋል። የጥገና ደንብ የተጻፈው ለዚህ ለተለወጠው አጥር ነው።

"ያኔ ተፈትሾ አልፏል እኮ!" የሚሉ ባለቤቶች ብዙ ናቸው። እውነታቸውን ነው፣ አልፏል። ጥያቄው ግን ዛሬስ ይሠራል ወይ ነው። ብዙ የአሜሪካ ከተሞች ለነባር ቤቶች የሚጠቀሙበት ዓለም አቀፉ የንብረት ጥገና ኮድ የሚባል ሰነድ አለ። እሱ ውስጥ ስለ አጥር ያለው አንቀጽ አጭር ነው፤ አጥርና ግንብ በመዋቅር የጸና፣ በደህና ይዞታ ላይ ያለ ይሁን ይላል። በቃ። ስለ ገንዳ ሲሆን ግን ጠበቅ ይላል። ያለውን መከለያ ማንሳት፣ መለወጥ ወይም ማሻሻል የሚቻለው የመከላከል አቅሙን እስካልቀነሰ ድረስ ብቻ ነው። ይህቺን አንቀጽ ብዙ ሰው አያውቃትም። የጣውላውን አጥር አፍርሶ ቄንጠኛ አግዳሚ ብረት ያለው አጥር የተከለ ሰው፣ አጥሩ አዲስ ስለሆነ ብቻ ደንቡን ያከበረ ይመስለዋል። አግዳሚው ብረት ግን ለሕፃን መሰላል ነው።

አሁን ወደ ቁጥሮቹ ልግባ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ማስጠንቀቂያ። ኢንተርኔት ላይ ያገኛችሁትን ቁጥር ይዛችሁ አጥር አታሠሩ። እንዲህ ያሉ ኮዶች ሞዴል ናቸው። ሕግ የሚሆኑት አንድ ከተማ ወይም ክፍለ ሀገር ሲቀበላቸው ነው፤ ሲቀበላቸው ደግሞ ይቆርጣል፣ ይቀጥላል። የአሜሪካው ሞዴል የገንዳ አጥር ከፍታ ቢያንስ 48 ኢንች፣ ማለትም 1.2 ሜትር ገደማ እንዲሆን ይጠይቃል። የአሪዞና ግዛት ሕግ ግን 5 ጫማ ይላል፣ ይህም 1.5 ሜትር ገደማ ነው። የአውስትራሊያው ስታንዳርድ 1.2 ሜትር ነው። ገንዳው የሚታጠረው ከጎረቤት ጋር በሚያዋስነው አጥር ከሆነ ግን በገንዳው ወገን 1.8 ሜትር ይሆናል። ፈረንሳይ ውስጥ የመከለያ ስታንዳርዱ በ1.10 ሜትር ይጀምራል። ሁሉም ትክክል ናቸው፣ በየአገራቸው። የእናንተን የሚነግራችሁ የአካባቢያችሁ የሕንፃ ፈቃድ ቢሮ ነው። ደውሉ፣ ወይም ሂዱና ጠይቁ። ጥያቄ አያስቀጣም።

ቁጥሮቹ የሚለያዩትን ያህል የሚመሳሰሉበት ነገር አለ። ሁሉም የሚለኩት አንድን አካል ነው፤ ከ5 ዓመት በታች ያለ ልጅን። ይህ ከገባችሁ ደንቡን መሸምደድ አያስፈልጋችሁም።

በቋሚዎቹ መካከል ያለው ክፍተት ከ10 ሴንቲሜትር በላይ አይሁን የሚባለው ለምንድነው? ትንሽ ልጅ ሰውነቱን እንዳያሾልክ ነው። ተቆጣጣሪዎች 10 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ኳስ ወይም ቁራጭ ቱቦ ይዘው ይዞራሉ። ካለፈ፣ አጥሩ ወደቀ። የመቀርቀሪያው መክፈቻ ከመሬት 54 ኢንች፣ 1.37 ሜትር ገደማ ከፍ ይበል የሚባለው የልጅ እጅ እንዳይደርስበት ነው። አውስትራሊያ ውስጥ 1.5 ሜትር ነው። መቀርቀሪያው ከዚያ ዝቅ ካለ በገንዳው ወገን መሆን አለበት። ልጁ እጁን በአጥሩ ላይ አሳልፎ ወደ ታች እንዳይደርስበት ከበሩ አናት ዝቅ ይላል። በዙሪያውም ጣት የሚያሾልክ ቀዳዳ እንዳይኖር ይደረጋል።

አግዳሚዎቹም እንዲሁ። ሁለቱ አግዳሚዎች ተቀራርበው ከተሠሩ ልጅ አንዱን ረግጦ ሌላውን ይይዛል። ስለዚህ የአሜሪካው ሞዴል ለሁለት ይከፍለዋል። በአግዳሚዎቹ መካከል ያለው ርቀት ከ45 ኢንች፣ ማለትም ከ1.14 ሜትር ካነሰ፣ አግዳሚዎቹ በገንዳው ወገን ይሁኑ። በቋሚዎቹ መካከል ያለው ክፍተት ደግሞ ወደ 4.4 ሴንቲሜትር ይጥበብ፣ የልጅ እግር እንዳይገባ። አግዳሚዎቹ ከተራራቁ ግን 10 ሴንቲሜትር ይፈቀዳል። ስሌቱ ደስ ይላል፤ አጥሩን ያሰበው ሰው ራሱን የሦስት ዓመት ልጅ አድርጎ ለመውጣት የሞከረ ነው የሚመስለው።

ስለ በሩ ደግሞ ረዘም አድርጌ ላውራ። ብዙ አጥር የሚሸነፈው እዚያ ላይ ስለሆነ ነው።

የገንዳ በር ሦስት ነገር ይጠየቃል። ለብቻው ይዘጋ። ለብቻው ይቀርቀር። ከገንዳው ተቃራኒ፣ ወደ ውጭ ይከፈት። ወደ ውጭ የሚለው ለምን እንደሆነ ገምቱ። መቀርቀሪያው አንድ ቀን ሳይያዝ ቢቀር፣ ወደ ገንዳው መግባት የፈለገ ልጅ በሩን ይገፋል። ልጅ ሲገፋ በሩ ይዘጋል እንጂ አይከፈትም። ልጅ መጎተትን አያውቅም ማለቴ አይደለም፣ ግን መጀመሪያ የሚሞክረው መግፋትን ነው።

አሁን ቤታችሁ ስትገቡ የምትሞክሩት ፈተና ልስጣችሁ። የጥገና ኮዱ ራሱ ያስቀመጠው ነው። በሩን ወለል አድርጋችሁ ከፍታችሁ አትልቀቁት። እንዲያ ሲሆን አብዛኛው በር ያልፋል። ምክንያቱም በሩን የሚዘጋው ሞላ (ስፕሪንግ) ተወጥሮ ይገፋዋል፣ በሩ ፍጥነት ያገኛል፣ በዚያ ፍጥነት ሄዶ መቀርቀሪያውን በኃይል ይመታዋል። አሁን ደግሞ 6 ኢንች፣ 15 ሴንቲሜትር ያህል ብቻ ክፈቱና ልቀቁት። እዚህ ላይ ሞላው ከሞላ ጎደል ረግቧል። የመሮጫ ርቀት የለውም። በሩ ቀስ ብሎ ይመጣና መቀርቀሪያው ላይ ሲደርስ ይቆማል። ተዘግቷል? ከሩቅ ላየው ተዘግቷል። በጣታችሁ ንኩት፤ ይከፈታል። አውስትራሊያውያን ደግሞ ከዚህም ያጠብቁታል። በሩ መቀርቀሪያው ላይ ብቻ ጋደም ካለበት ሁኔታም ቢሆን ሄዶ እንዲያዝ ይጠይቃሉ።

የተዘጋ መስሎ የማይዘጋ በር ክፍት ከሆነ በር ይብሳል። ክፍቱን አይታችሁ ትዘጉታላችሁ። ይሄኛውን ግን አምናችሁት ወደ ቤት ትገባላችሁ።

ለምን እንደዚህ ይሆናል? ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የመቀርቀሪያው አይደለም። በር ከባድ ነው፤ ክብደቱን ሁሉ የተሸከመው በአንድ ወገን ያለው ምሰሶ ነው። ምሰሶው ጥልቀት በሌለው ጉድጓድ ውስጥ ከቆመ፣ ዝናብ አፈሩን ባራሰው ቁጥር ትንሽ ትንሽ ያዘማል። ማጠፊያውም ዝጎ ሲላላ የበሩ ጫፍ ወደ ታች ይወርዳል። አንድ ሴንቲሜትር እንኳን ቢወርድ የመቀርቀሪያው ምላስ ከመያዣው ጋር መገናኘቱ ይቀራል። ያኔ ሰው ምን ያደርጋል? መቀርቀሪያውን ነቅሎ ዝቅ አድርጎ ይመታዋል። በሩ ይዘጋል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል። መቀርቀሪያው ግን ከተፈቀደው ከፍታ በታች ወረደ። ከጥቂት ወራት በኋላ ደግሞ ምሰሶው ሌላ ሴንቲሜትር ያዘማል። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንደሚባለው፣ ምሰሶውን ቀጥ አድርጉት፤ ማጠፊያውን ለውጡት፤ ብሎኑን አጥብቁት። የሞላውን ጥንካሬ ማስተካከያ ያለው ማጠፊያ ከሆነ አንድ ጥርስ ወደፊት አዙሩትና እንደገና ከ15 ሴንቲሜትር ላይ ልቀቁት። ግራሶ አትርሱ። ባሕር አጠገብ ያላችሁ ወይም ክሎሪን የምትጠቀሙ፣ ብረታ ብረቱ ከሌላው ቶሎ ይበላባችኋል።

እና ድንጋይ። እባካችሁ፣ ድንጋይ። ድግስ ሲኖር፣ ዕቃ ሲገባ፣ ሠራተኛ ሲመላለስ በሩ በድንጋይ ተደግፎ ክፍት ይቀመጣል። ደንብ በሌለበትም አገር ቢሆን ይህን ማንም አይፈቅደውም። ሆኖም የማይደረግበት ግቢ አላውቅም። ለብቻው የሚዘጋ በር የሚያናድድ ነገር ነው፤ ሁለት እጃችሁን ትሪ ይዛችሁ ስታልፉ ጀርባችሁን ይመታል። ያንን ንዴት ቻሉት።

ከበሩ ስንወርድ መሬቱ አለ። ማንም አያየውም። ከአጥሩ ሥር ያለው ክፍተት አፈር ላይ ሲሆን 2 ኢንች፣ 5 ሴንቲሜትር ያህል፤ ስሚንቶ ላይ ሲሆን እስከ 10 ሴንቲሜትር ይፈቀዳል። የአፈሩ ለምን ጠበበ? አፈር ይሸረሸራል፣ ውሻ ይቆፍራል፣ ልጅም በእጁ ይቆፍራል። ዝናብ በመጣ ቁጥር ከአጥሩ ሥር የሚሄደው ውሃ ቦይ ይሠራል። ተቃራኒውም ይመጣል፤ ከውጭ በኩል የአትክልት አፈር ይቆለላል፣ ንጣፍ ይነጠፋል፣ መሬቱ ሃያ ሴንቲሜትር ከፍ ይላል። አጥሩ ራሱ አልተነካም፣ ግን አጠረ። ከፍታው የሚለካው ከውጭ በኩል፣ ልጁ ከሚቆምበት ነው።

አጥሩ አጠገብ የምታስቀምጡት ነገርም የአጥሩ አካል ይሆናል። የአበባ ማሰሮ፣ ወንበር፣ የቆሻሻ በርሜል፣ የእንጨት ክምር፣ የገንዳው ማጣሪያ ሞተር ሳጥን። የአውስትራሊያው ስታንዳርድ ለዚህ ስም ሰጥቶታል፤ መውጣት የማይቻልበት ቀጠና ይለዋል። 90 ሴንቲሜትር የሚሆን ክፍል ምንም መርገጫና መያዣ የሌለበት እንዲሆን ይጠይቃል። ዛፍም ይቆጠራል። አጥሩ ሲሠራ ያልነበረው ቅርንጫፍ ዛሬ አጥሩን ተሻግሮ ከሆነ፣ ቁረጡት። የሽቦ መረብ ላይ የሚጠመጠም ሐረግ ደግሞ ሁለት ጥፋት አለው፤ ግንዱ ሲወፍር መሰላል ይሆናል፣ ቅጠሉ ደግሞ ገንዳውን ይሸፍንባችኋል። ገንዳውን ከቤት ሆኖ ማየት መቻል በራሱ ጥበቃ ነው።

እስካሁን ያላልኩት አንድ ትልቅ ነገር አለ። አጥሩ የት ይቁም?

ብዙ ሰው ግቢው ታጥሯልና ገንዳውም ታጥሯል ብሎ ያስባል። የግቢ አጥር የጎረቤትን ልጅ ይከለክላል። የቤቱን ልጅ ግን አይከለክልም፤ እሱ ከአጥሩ ውስጥ ነው ያለው። ከሳሎን በር እስከ ውሃው ድረስ ማንም የሚያግደው የለም። የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደህንነት ኮሚሽን በካሊፎርኒያ፣ በአሪዞናና በፍሎሪዳ በገንዳ አደጋ የደረሰባቸውን ትንንሽ ልጆች አጥንቶ ነበር። 69 በመቶው በዚያ ሰዓት ገንዳ አጠገብ ይሆናሉ ተብለው የተጠበቁ አልነበሩም። 77 በመቶው ደግሞ ከዓይን የተሰወሩት ለ5 ደቂቃ ወይም ከዚያ ላነሰ ጊዜ ነው። ብዙዎቹን ወላጅ ይጠብቃቸው ነበር። ስልክ ማንሳት፣ በር መክፈት፣ ድስት ማማሰል ይህን ያህል ይፈጃል። ደግሞ ፊልም ላይ እንደምናየው ጩኸትና መንፈራገጥ አይጠበቅም። ትንሽ ልጅ ዝም ብሎ ነው የሚሰምጠው።

ስለዚህ ባለሙያዎች አጥብቀው የሚመክሩት ገንዳውን በአራቱም ወገን ከቤቱ ለይቶ ማጠርን ነው። የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እንዲህ ያለው አጥር፣ የግቢውን ወሰን ብቻ ከሚያጥረው ጋር ሲነጻጸር፣ የልጅን የመስመጥ አደጋ በ83 በመቶ ይቀንሳል ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደገመተው በ2021 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ ወደ 300 ሺህ ሰው ሰምጦ ሞቷል፤ ሩብ የሚጠጉት ከ5 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። በእርግጥ ከእነዚህ አብዛኞቹ የሞቱት ወንዝ፣ ኩሬና ጉድጓድ ውስጥ ነው እንጂ ሰድር በተነጠፈበት ገንዳ ውስጥ አይደለም። ግን መፍትሔው ያው ነው፤ በልጁና በውሃው መካከል አንድ ነገር መቆም አለበት።

የቤቱ ግድግዳ አራተኛ ወገን እንዲሆን የሚፈቅዱ ደንቦች አሉ። ሲፈቅዱ በሮቹ ላይ ማንቂያ ደወል ይጠይቃሉ። አዋቂ ሰው ሲያልፍ ደወሉን ለአፍታ የሚያጠፋበት ቁልፍ ይፈቀዳል፤ በአሜሪካው ሞዴል ግን ከ15 ሰከንድ በላይ ዝም ማሰኘት የለበትም፣ ቁልፉም ልጅ ከማይደርስበት ከፍታ ላይ ነው። ወረቀት ላይ ጥሩ ነው። በተግባር ግን በቀን ሃያ ጊዜ የሚጮህ ደወል ዕድሜው አጭር ነው። መጀመሪያ ባትሪው ለሪሞት ይወሰዳል፣ ከዚያ "በኋላ እንመልሰዋለን" ይባላል። እኔ ብጠየቅ አራተኛውን ወገን አጥሩ እላለሁ። አጥር ባትሪ አይፈልግም።

መሸፈኛም ያው ነው። በሞተር የሚዘጋና ክብደት እንዲሸከም ተፈትኖ የተሠራ የደህንነት መሸፈኛ አለ፤ አንዳንድ ቦታ በአጥር ምትክ ይቀበሉታል። ውሃ ለማሞቅ ላዩ ላይ የሚዘረጋው ስስ ፕላስቲክ ግን መሸፈኛ አይደለም። ልጅ ሲረግጠው ይጠቀለልበታል፣ ከላይ ላየው ደግሞ ምንም የሆነ አይመስልም። ፈረንሳይ በጥር 2003 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ መሬት ውስጥ የተቆፈረ የግል ገንዳ ያለው ሰው ከአራት አንዱን እንዲመርጥ አድርጋለች፤ አጥር፣ ደወል፣ የደህንነት መሸፈኛ፣ ወይም ገንዳውን ሙሉ በሙሉ የሚከድን ጣሪያ። ምርጫ ማግኘት ደስ ይላል። ነገር ግን አራቱ እኩል አይደሉም። ደወል የሚጮኸው ልጁ ከወደቀ በኋላ ነው።

ስለሚነፋው የፕላስቲክ ገንዳ ጠይቁኝ እንዳትሉኝ፣ ራሴ ልናገር። አዎ፣ እሱም ገንዳ ነው። ደንቡ የሚያየው የውሃውን ጥልቀት ነው። አሜሪካ ውስጥ በሞዴሉ 24 ኢንች፣ 61 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ኒው ዚላንድ 40 ሴንቲሜትር፣ በአውስትራሊያ የኒው ሳውዝ ዌልስ ክፍለ ግዛት ደግሞ 30 ሴንቲሜትር። ከዚያ በላይ ውሃ መያዝ ከቻለ አጥር ይጠይቃል፣ ከሱቅ በካርቶን የመጣ ቢሆንም። ከመሬት በላይ የሚቆመው ባለ ግድግዳ ገንዳ ራሱ ግድግዳው በቂ ከፍታ ካለው እንደ አጥር ሊቆጠር ይችላል፤ ያኔ አደጋው መሰላሉ ነው። ዋና ሲያበቃ ይነሳ ወይም ይቆለፍ።

ማን ይቆጣጠራል? እዚህ ላይ አገሮች በጣም ይለያያሉ። አንዳንዱ ጋ ተቆጣጣሪ የሚመጣው ጎረቤት ሲጠቁም ብቻ ነው። ኒው ዚላንድ ውስጥ የመኖሪያ ቤት ገንዳ መከለያ በየ3 ዓመቱ ይፈተሻል። በአውስትራሊያ የኩዊንስላንድ ክፍለ ግዛት ውስጥ ገንዳ ያለው ቤት ሲሸጥና ሲከራይ የገንዳ ደህንነት የምስክር ወረቀት ያስፈልጋል፤ ለአንድ ቤት ገንዳ 2 ዓመት፣ ለጋራ ገንዳ 1 ዓመት ብቻ ያገለግላል። በእኔ አስተያየት ትክክለኛው መንገድ ይህ ነው። ማጠፊያ በ3 ዓመት ውስጥ ይበላሻል። ዕድሜ ልክ የሚያገለግል የምስክር ወረቀት ለማጠፊያ መስጠት አይቻልም።

በሉ፣ አሁን ወደ ኩርፊያው።

ውሃ የሌለበት ተራ አጥር ላይ ደንቦቹ ቀለል ይላሉ፣ ጠቡ ግን ይበዛል። አብዛኛው ቦታ የፊት ለፊቱ አጥር አጠር፣ የጓሮው ረዘም እንዲል ይፈቀዳል። እንግሊዝ ውስጥ ተሽከርካሪ የሚሄድበት መንገድ ዳር ከሆነ እስከ 1 ሜትር፣ ሌላ ቦታ እስከ 2 ሜትር ድረስ በጥቅሉ የፕላን ፈቃድ አያስፈልግም። መንገድ ጥግ ላይ ያለ ቤት ደግሞ ተጨማሪ ገደብ አለበት። ሁለት መንገድ የሚገናኝበት ማዕዘን ላይ ሾፌር የሚመጣውን መኪና ማየት አለበት። ስለዚህ በዚያ ሦስት ማዕዘን ውስጥ አጥርም ቁጥቋጦም ዝቅ ይላል። ይህን ደንብ ሰው የሚጥሰው በአጥር ሳይሆን በተክል ነው። አጥሩ ባለበት ይቆማል፣ ተክሉ ግን በየዓመቱ ይረዝማል።

ከመቆፈራችሁ በፊት ሁለት ነገር አረጋግጡ። አንደኛ ወሰኑን። "አባቴ እዚህ ነው ያለኝ" የወሰን ድንጋይ አይሆንም፤ የይዞታ ካርታውንና የቀያሹን ምልክት ተመልከቱ። ሁለተኛ ከመሬት በታች ያለውን። የውሃ፣ የመብራትና የስልክ መስመር ለማለፍ የተተወ መሬት ላይ አጥር ከሠራችሁ፣ መስመሩ ሲበላሽ ያፈርሱታል፣ መልሶ የሚሠራላችሁም ላይኖር ይችላል።

የጋራ አጥር ሲያዘም ማን ይክፈል? እንግሊዝ ውስጥ "በግራ በኩል ያለው አጥር የአንተ ነው" የሚል የቆየ እምነት አለ። ሕግ ውስጥ የለም፤ የሚወስነው የቤቱ ሰነድ ነው። ካሊፎርኒያ በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ ወሰንተኞች ከአጥሩ እኩል እንደሚጠቀሙ ታስቦ ወጪውም እኩል ይሆናል። ሥራ ከመጀመሩ በፊት የ30 ቀን የጽሑፍ ማሳወቂያ መስጠት ግዴታ ነው፤ ማሳወቂያው ችግሩን፣ መፍትሔውን፣ ግምቱንና ክፍፍሉን ይዘረዝራል። ኒው ሳውዝ ዌልስም ለአዋሳኝ አጥር የራሱ የ1991 እ.ኤ.አ. ሕግ አለው። የእናንተ አካባቢ እንዲህ ዓይነት ሕግ ባይኖረውም ያንን ወረቀት ጻፉ። ፎቶ አያይዙ። መጀመሪያ ግን በር አንኳኩና በቃል ንገሩት። ከሰላምታ በፊት የመጣ ደብዳቤ ጠብ ነው።

ቢሮው ራሱ ደብዳቤ ሲልክላችሁስ? አትደንግጡ። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚመጣው ማስጠንቀቂያ ነው፤ ምን እንደተበላሸና እስከ መቼ መጠገን እንዳለበት ይናገራል። ጊዜው ካልበቃችሁ ቀኑ ሳያልፍ ሄዳችሁ ማራዘሚያ ጠይቁ። ዝም ያለ ሰው ነው የሚቀጣው። አንዳንድ ከተማ ራሱ አስጠግኖ ወጪውን ከንብረት ግብር ጋር ይጭንባችኋል፤ ዋጋውን ደግሞ እናንተ አትመርጡም።

ጥያቄ እንቀበል።

እዚያ ከኋላ፣ እህቴ። "ልጆቼ አድገዋል፣ ሁሉም ዋና ይችላሉ፣ አጥሩን ላንሳው ወይ?" ነው ያልሽው። አይሆንም። ደንቡ ቤት ውስጥ ማን እንደሚኖር አይጠይቅም። የጎረቤት ልጅ፣ የእንግዳ ልጅ፣ ነገ የልጅ ልጅ ይመጣል። እንደ አሜሪካ ባሉ አገሮች ደግሞ ሳይፈቀድለት በገባ ሕፃን ላይ ለደረሰ አደጋ ሳይቀር የቤቱ ባለቤት ሊጠየቅ ይችላል፤ ውሃ ልጅን እንደሚስብ ታውቂያለሽ ተብሎ። መድንሽንም አስቢበት።

ወንድሜ፣ አንተ ተከራይ ነህ። በሩ አይዘጋም፣ አከራዩ ስልክ አያነሳም። በጥገና ደንቦች የውጭው ንብረት ኃላፊነት አብዛኛውን ጊዜ የባለቤቱ ነው። በጽሑፍ አሳውቀው፣ ቀን ያለበት ፎቶ አያይዝ። ካልመለሰ ለፈቃድ ቢሮው አመልክት። እስከዚያው በሩን በሰንሰለትና በቁልፍ ዝጋው። ገንዳውን ማንም አይጠቀምበት።

የመጨረሻዋ፣ እማማ። "ጥቅጥቅ ያለ የጽድ አጥር አለኝ፣ ድመት አያሳልፍም፣ ለገንዳ ይበቃል?" አያሳልፍም ማለትዎን አምናለሁ። ግን ተክል ይደርቃል፣ ሥሩ ይሳሳል፣ ቅርንጫፉ መርገጫ ይሆናል፤ በ10 ሴንቲሜትር ኳስ ሊለካ አይችልም። ስለዚህ እንደ መከለያ የሚቀበልዎት ተቆጣጣሪ አያገኙም። ጽዱን አይንቀሉት፣ ያምራል። ከውስጥ በኩል፣ ከጽዱ 90 ሴንቲሜትር ያህል ራቅ አድርገው የሽቦ መረብ ያስተክሉ፤ መረቡም ጠባብ ዓይን ያለው ይሁን፣ የልጅ እግር የማያስገባ። በሩን ሲያሠሩ ደግሞ ሠራተኛው ሳይሄድ በፊት 15 ሴንቲሜትር ብቻ ይክፈቱትና ይልቀቁት።